የበርሜሉ ግድግዳ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬም ያው። አስመለሱ፣ ጠረግኩ። አስመለሱ፣ ጠረግኩ። መዝናኛ ፓርክ ነው ይሉታል። የሚዝናናው ማን እንደሆነ እንጃ... እኔ የሰው ሆድ ዕቃ ስዝቅ ነው የዋልኩት።

በርሜሉ፣ ያ የሚሽከረከረው ትልቁ መጫወቻ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሞልቶት ዋለ። ሰው ግን ምን ነካው? ከፍሎ ይገባል። ክቡ ግድግዳ ላይ ጀርባውን ያስደግፋል። ጋሼ ማንሻ ማንሻቸውን ይጎትታሉ። (ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እጃቸው ከዚያች ማንሻ ተለይቶ ስለማያውቅ ነው እንዲህ የምንላቸው።) በርሜሉ ይዞራል፣ ይፈጥናል፣ ይብስበታል... ከዚያ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ዝቅ ብሎ ይወርዳል። እነሱ ግን አይወርዱም። እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ተለጥፈው ይቀራሉ። ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ። ከዚያ ምሳቸውን ለእኔ ትተውልኝ ይሄዳሉ።

ከሁሉም የሚቀፈኝ ጎማው ነው። ግድግዳው ዙሪያውን ጥቁር ጎማ ለብሷል፤ እንደ መኪና ጎማ ቦይ ቦይ አለው። ቦዩ ውስጥ የገባ አይወጣም። በብሩሽ ብፈትገው፣ በእንጨት ብቆፍረው... አልፎ አልፎማ ባለፈው ወር የመጣ ሰው ምሳ ይመስለኛል የማወጣው። ፀሐይ ሲመታው ይከረፋል። እፍ!

ቤት ስገባ ልብሴን በር ላይ ነው የማወልቀው። ልጄ ሚጢ አፍንጫዋን ትይዛለች። እንዳላያት ዞር ብላ ነው የምትይዘው። ትንሽ ሆና ያወጣሁላት ስም ነበር፤ አሁን ቁመቷ አልፎኛል፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። አየኋት። እኔም ብሆን እይዝ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሽቶው መጣ። ሥራ አስኪያጁ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ሽታው ይደርሳል፣ ከዚያ ጫማው፣ ከዚያ እሱ። ከበርሜሉ ራቅ ብሎ ቆሞ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ።

«ምንድነው ይሄ ጠረን?»

«ጎማው ነው ጌታዬ» አልኩት። «ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ አይለቅም። ለስላሳ ነገር ቢሆን በአንድ ጨርቅ ጥርግ ይደረግ ነበር።»

«ለስላሳ...» አለ። ግድግዳውን አየ። እኔን ግን አላየኝም። እኔን አይቶኝ አያውቅም፤ መወልወያው በራሱ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ሲሄድ ጋሼ ማንሻን ጠየቅኳቸው። ይሄን ያህል ጊዜ ስጠርግ ጠይቄ አላውቅም፤ ይገርማል። «ለመሆኑ ምንድነው የሚለጥፋቸው?»

«ኃይሉ ነዋ! ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይገፋል። ገፍቶ ይለጥፋቸዋል።»

«ግድግዳው ምንም ይሁን ምን?»

«ከፈጠነልኝ ዝንብም ትለጠፋለች» አሉና ሳቁ።

እንግዲህ ጎማው ምን ይሠራል? እኔን ለማስጠላት ብቻ ነው የተለጠፈው ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ከሥሩ ክፍተት ውስጥ የተቆራረጠ ነጠላ ጫማ አወጣሁ። ወለሉ ታች ሲደርስ ይቆማል፣ ግድግዳው ግን ዙሪያውን እየበረረ ነው፤ በመሃላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። እዚያ የገባ ነገር ሁሉ እንደተፈጨ ነው የሚወጣው። ጫማው ላይ ደግሞ ያው... ምኑን እጽፈዋለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ውሃ ቀድቼ ወደ ቤት ስወጣ ደረጃው ላይ ድምጿን ሰማሁ። ሚጢና አንዲት የክፍሏ ልጅ። ልጅቷ እናትሽ የት ነው የምትሠራው ትላታለች።

«ፓርኩ ውስጥ። ቢሮ ነው የምትሠራው።»

ቢሮ! ቢሮዬ ባልዲ ነው። ጸሐፊዬ መወልወያ ናት። እዚያው ደረጃው ላይ ባልዲዬን ይዤ ቀረሁ፣ ልጅቷ እስክትወጣ ድረስ። ለምን ተደበቅኩ? እኔ ምን ሰረቅኩ?

ልጄ አላስጠላችኝም። እኔው ለራሴ አስጠላሁ። ያን ያህል ሰዓት ሳሙና ፈትጌ፣ እጄ አሁንም ይሸታል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ቀለም ቀቢ መጣ። ጎማውን ገሽልጠው ከበርሜሉ ጀርባ ከመሩት። ከሥሩ የነበረውን ጉድ አልጽፈውም። ቀቢው ራሱ ሮጦ ወጣና ዛፍ ሥር ቆሞ ተነፈሰ። እኔ ሳቅኩ። አንተ አንድ ቀን ነው ያየኸው፣ የኔ ወንድም።

ማታ ላይ ብረቱ ቀይ ሆነ። ዘይት ቀለም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ፊት የሚያሳይ። ሲደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ወለወልኩት... ተንሸራቶ ሄደ! ምንም አይዝ። ቦይ የለ፣ ስንጥቅ የለ። እሰይ! እስከ ዛሬ በብሩሽ የፈጀሁት ጉልበቴ ቢቆጠር ሌላ ቤት ይሠራል።

ሽቶው መጥቶ ቀዩ ግድግዳ ላይ ራሱን እያየ ክራቫቱን አስተካከለ። «ሐሳቡ የኔ ነው» አለ ለጋሼ ማንሻ። ይሁንለት። እኔ ብሩሼን ወረወርኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ሞከሩት። ሽቶው ቀቢውንና ዘበኛውን አስገባቸው። ዘበኛው ወፍራም የሱፍ ካፖርቱን አላወልቅም አለ። ዞሩ፣ ወለሉ ወረደ፣ ተለጠፉ። ሽቶው አጨበጨበ።

«ይኸው! ኃይሉ ነው ሥራውን የሚሠራው።»

ጋሼ ማንሻ አላጨበጨቡም። ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩ ነበር። ምን ሆኑ ብላቸው «ድምፁ ተለወጠ» አሉ። «ጎማው እያለ ሰው ሲለጠፍ ጭጭ ይል ነበር። አሁን ይሺሺሺ ይላል።» እርጅና ነው ብዬ ተውኳቸው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። ቀዩን ሊያይ። አንዱ ወጠምሻ ገና ከመጀመሩ አስመለሰ። ገባሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፣ ወጣሁ። እጄ ላይ እንኳ አልነካኝም። እንዲህ ነው እንጂ ሥራ አልኩ።

ቀጥሎ የገቡት ውስጥ አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች። የሚያንጸባርቅ ቀሚስ የለበሰች። ወለሉ ሲወርድ... ወረደች። ሌሎቹ ተለጥፈው እሷ ብቻ ቀስ እያለች፣ ጀርባዋ ግድግዳውን እየላሰ፣ ወደ ታች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ትስቃለች። ጋሼ ማንሻ ፍጥነቱን ጨመሩ፣ መሃል ላይ ቆመች። ተረከዟ ከክፍተቱ ብዙም አልራቀም ነበር።

«አዲስ ጨዋታ ነው?» አለች ስትወጣ።

«ወደዱት!» አለ ሽቶው።

እኔ ግን የቆመችበትን ቦታ አየሁት። ያ እኔ በእርጥብ ጨርቅ የወለወልኩት ቦታ ነው። ባለፈው ከክፍተቱ ያወጣሁት የተቆራረጠ ጫማ ዓይኔ ላይ መጣ። ለምን? እንጃ... ኃይሉ ወደ ውጭ እየገፋ ከለጠፋቸው እሷን ለምን አልለጠፋትም?

እሁድ፣ ግንቦት 17

ሚጢ ፊዚክስ ታጠናለች። ክር ጫፍ ላይ ላጲስ አስራ ጭንቅላቷ ላይ ታሽከረክራለች። ተይ ስላት ለቀቀችው፤ በርሮ ድስት ውስጥ ገባ። የአንድ ሳምንት ሾርባ! ቆሽቴ አረረ። እሷ ግን ዓይኗ በራ።

«አየሽ እማ? ወደ ውጭ አልሄደም።»

«ድስቴ ውስጥ ነው የሄደው።»

«ማለቴ... ከእጄ ተነሥቶ ወደ ውጭ አልተገፋም። በለቀቅኩት ሰዓት ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደ ጎን።»

ደጋግማ ነገረችኝ፣ እኔም ደጋግሜ ጠየቅኳት። እንደገባኝ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ። የሚዞር ነገር ሁሉ መዞር አይፈልግም። ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። እንዲዞር የሚያደርገው ወደ መሃል የሚጎትተው ወይም የሚገፋው ነገር ነው። ላጲሱን ክሩ። ማዕከል ፈላጊ ኃይል ይሉታል።

«ታዲያ ሰዎቹ ወደ ውጭ ተገፋን የሚሉትስ?»

«ማዕከል ሸሽ ኃይል የሚሉት እሱን ነው። ውስጥ ሆኖ ለሚዞር ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ግን ማንም አልገፋቸውም። ቀጥ ብለው ሊሄዱ ሲሉ ግድግዳው ነው ወደ ውስጥ የሚመልሳቸው።»

ማዕከል ሸሽ... ለዚች ልጅ አባት ስም አወጡለት። እሱንም ማንም አልገፋውም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ይሄን ግን አላልኳትም።

መወልወያዬ ትዝ አለኝ። ለማድረቅ ሳሽከረክረው ሁሌ የማረጥበው ከፊቴ የቆመውን ሰው አይደለም፤ ከጎን ያለውን ነው። ስንቱ ሰድቦኛል በዚህ። ስነግራት ሳቀች። ከእኔ ጋር ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው...

«እሺ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ገፋቸው። ወደ ታች እንዳይወርዱ የሚይዛቸውስ?»

«ሰበቃ ነዋ እማ። ግድግዳው ሻካራ ስለሆነ። የገፋቸውን ያህል ይይዛቸዋል። ሻካራ ካልሆነማ...»

ሻካራ ካልሆነ። ቀዩ ግድግዳማ ፊት ያሳያል።

ሚጢ ግን ሌላ ነገር አላት። ጎንበስ ብላ ላጲሱን እየጠረገች፣ «ቅዳሜ ክፍላችን እናንተ ጋ ሊመጣ ነው። መምህሩ በርሜሉ ላይ ሊያሳዩን ነው፣ ሁላችንም እንገባለን» አለች። ቆየችና «እማ... ቅዳሜን ዕረፍት መውሰድ አትችይም?»

«አያለሁ» አልኳት።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ማንም ሳይገባ ገብቼ መዳፌን ቀዩ ላይ አደረግኩ። ደረቅ ሲሆን ይይዛል፣ ትንሽ። አርጥቤ ስገፋው ሄደ። በሁለት እጄ፣ በሙሉ ክብደቴ ተጭኜ፣ ሄደ። ከዚያ ጀርባ የተከመረውን ያንን አስቀያሚ ጎማ አርጥቤ ሞከርኩት። ንቅንቅ አላለም። መዳፌ ላይ የቦዩን ቅርጽ ትቶ፣ ጠረኑንም ትቶ፣ አልለቅም አለ።

ስጠላው የኖርኩት እሱ ነው ሰውን የያዘው። እኔ ደግሞ አስወግዱልኝ ብዬ ለመንኩ።

ጋሼ ማንሻን ወስጄ አሳየኋቸው። መዳፋቸውን ብዙ ጊዜ አንሸራተቱ። «እኔ እኮ ኃይሉ መስሎኝ...» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ፣ አልወጣላቸውም።

«ይበልጥ ቢፈጥን አይይዝም?»

«ይይዝ ይሆናል። ግን ቅዳሜ ያየሽው የመጨረሻው ነው። ከዚያ በላይ ሞተሩ ይቃጠላል።»

«ይንገሩት እንጂ!»

«ድምፁ ተለወጠ ብዬ ነገርኩት። ጆሮህን ታከም አለኝ።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ቢሮው ገባሁ። ምንጣፉን እንዳላቆሽሽ ጫማዬን አውልቄ። ነገርኩት፤ ተንተባተብኩ። ግድግዳው ወደ ውስጥ... ሰዎቹ ቀጥ ብለው... ሰበቃ... ሚጢ ስትለው እንዴት ያምር ነበር። ከኔ አፍ ሲወጣ የዕብድ ወሬ ሆነ።

«ቆይ» አለ። «ራስሽ አይደለሽም እንዴ ለስላሳ ይሁን ያልሽው?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«አንቺ ተሳሳትሽ ብለን አሁን ዳግም እንገልብጠው? ቅዳሜ የትምህርት ቤት ልጆች ይመጣሉ፣ ለቀዩ ነው የሚመጡት።» ሽቶውን አንገቱ ላይ ረጨ፣ እኔ እያየሁ። «ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል አለ። ኃይሉ ይለጥፋቸዋል። አንቺ መወልወያሽን ያዢ። እንዲያውም ቅዳሜ አትምጪ፣ ዕረፍት ውሰጂ፣ በልጆቹ ፊት ባልዲ አያምርም።»

ሁለት ሰው ቅዳሜ እንዳልመጣ ይፈልጋል። አንዱ ልጄ ናት። አንዱ ይሄ... ምን ብዬ ልጻፈው? የስድብ ቃል ሁሉ አነሰኝ። እኔ የማላውቀው ቆሻሻ የለም፣ እንደሱ ያለ ግን ጠርጌ አላውቅም።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ሚጢ ጫማዋን ትወለውላለች። ነገ በርሜሉ ውስጥ አትግቢ አልኳት። ለምን ስትል ነገርኳት።

«ሁሉም ገብተው እኔ ብቻ ልቅር? ደግሞ እነሱ ሳይመረምሩት ሰው ያስገባሉ እንዴ?»

ያስገባሉ ልጄ። ያስገባሉ። አልሰማችኝም። ብትሰማኝስ? የሷ እግር ቢቀር የሌላዋ ልጅ እግር አለ።

ዕረፍት አልወስድም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ከየት ልጀምር? እጄ ገና ይሸታል።

ልጆቹ ሲመጡ እኔ ጀልባው ሥር ነበርኩ። (ጀልባው እንደ በርሜሉ አይዞርም፣ ይወዛወዛል እንጂ፤ የሚያወጣው ግን ያው ነው።) ባልዲዬ ሞልቶ ነበር። ሙሉ። ጠዋቱን ሁለት የልደት ድግስ ተሳፍሮበታል፣ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም።

በርሜሉ በር ላይ ተሰልፈዋል። መምህሩ ይናገራል፣ ልጆቹ ይገፋፋሉ። ሚጢ ከፊት ነች። አየችኝ... አይታ እንዳላየች ሆነች። ዘበኛው ከውስጥ ወጣ፣ ግድግዳውን በቧንቧ ውሃ አጥቦት። እንዲያብረቀርቅ ነው የታዘዘው። ቀዩ ላይ ውሃው ይወርዳል። ጋሼ ማንሻ ከላይ አዩኝ።

ወደ ሽቶው ሄድኩ። «ጌታዬ፣ እርጥብ ነው፣ ይወድቃሉ፣ እባክዎ።»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ልጆቹ ፊት። «ቆሻሻሽን ይዘሽ ከዚህ ጥፊ!»

ቆሻሻሽን ይዘሽ። እሺ አልኩ። ይዤው ገባሁ።

በሩን አልፌ በርሜሉ መሃል ቆምኩ። ባልዲውን በሁለት እጄ ይዤ ዞርኩ። አንድ ጊዜ፣ በደንብ። ከባልዲው እየወጣ ቀጥ ብሎ እየሄደ፣ ፏ... ፏ... ዙሪያውን። ቀዩ ግድግዳ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ፀጉሬ ላይ፣ አፌ ላይ። አፌ ላይ! እኔ፣ ጠረኑን ሳስብ እንኳ እራት የማልበላ ሴት።

ጩኸቱ! ልጆቹ እየተረጋገጡ ሸሹ። «አብዳለች! አብዳለች!» ሚጢን አየኋት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ያቺ ደረጃው ላይ የሰማኋት ልጅ እጇን ይዛ ትጎትታታለች። ሚጢ አላየችኝም። ወይም አየችኝ።

«ተባርረሻል!» ይላል ሽቶው። መሐረቡ ውስጥ ሆኖ ነው የሚጮኸው።

መምህሩ ብቻ አልሸሸም። አፍንጫውን ይዞ መጣ፣ «ለምን?» አለኝ። ግድግዳው ያንሸራትታል አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ግድግዳው ላይ ንጹሕ ቦታ ፈልጎ መዳፉን ጫነና ወደ ታች ሰደደው። ዞረ ወደ ሽቶው። «ይሄ ጎማ አልነበረም እንዴ?»

«እናስጥበዋለን፣ እናደርቀዋለን» አለ ሽቶው። ልጆቹ እየሄዱ ነው። የከፈሉት ሊመለስ ነው። «ምንም የለውም! ኃይሉ ነው የሚይዘው! እኔ ራሴ እገባለሁ፣ ተመልከቱ!»

ታጠበ፣ ጠራረጉት። ገባ። በሙሉ ልብሱ፣ በዚያ በሚያንሸራትት ሐር መሳይ ኮቱ። ጋሼ ማንሻ ሁለቴ ጠየቁት፣ «ላዙር ወይ?» ብለው። አዙር አለ። ዞረ። ፈጠነ። ወለሉ ወረደ።

ለትንሽ ጊዜ ያዘው። «አያችሁ?» ብሎ ጮኸ፣ እጁን ዘርግቶ። ከዚያ ያ ይሺሺሺ የሚል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ኮቱ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ከዚያ እሱ ወደ ታች ሄደ። አልሳቀም። በጥፍሩ ቀለሙን ይቧጥጣል። ጋሼ ማንሻ ፍሬኑን ያዙት፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር በአንዴ አይቆምም። ጫማው ክፍተቱ ውስጥ ገባ...

እግሩ ተርፏል። ጫማው ነው የሄደው። ተረከዙ ተላልጧል፣ ደም አለው፣ ግን እግሩ አለ። ደግፈው አወጡት። እንደወጣ እግሬ ሥር አስመለሰ።

መምህሩ ጎማ ሳይለጠፍ ማንም አይገባም አለና ልጆቹን ሰብስቦ ወሰዳቸው። እኔ ተባርሬያለሁ፣ ግን መወልወያዋ እጄ ላይ ነበረች። ጠረግኩት። ሽቶ ሽቶ አይልም። እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

እሁድ፣ ግንቦት 24

ሚጢ ቀኑን ሙሉ አልተናገረችኝም። ሦስት ጊዜ ታጥቤያለሁ።

ማታ ላይ ከመኝታዋ ሆና፣ «ሰኞ ትምህርት ቤት እንዴት ልሂድ?» አለች።

«እንጃ ልጄ።»

ወደ እኔ ዞር ብላ «ግን ማን ነገረሽ? እንደሚወድቁ።»

«አንቺ ነሻ። በላጲሱ።»

ታለቅስ እንደሆነ እንጃ፣ ብርድ ልብሱን ተከናነበች። ነገ ሥራ የለኝም። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ያ ሰው ሳይሆን እኔ ቆሻሻ ሆኜ ወደ ቤቴ መመለሴ ነው። በመንገዱ ላይ ሰው ሁሉ እየሸሸኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ጋሼ ማንሻ ቤት ድረስ መጡ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቆባቸውን ያዞራሉ።

ጎማው ተመልሶ ተለጠፈ አሉ። ሽቶው ያንከሳል። በር ላይ ትልቅ ጽሑፍ ሰቅሏል፣ «የደንበኞቻችን ደኅንነት ከምንም በላይ» የሚል። ሐሳቡ የኔ ነው ይላል አሉ። ሰው እንዲህ ይሆናል? ይሄም ይቀፋል።

«ጽዳት አምጥቶ ነበር» አሉ። «አንዷ እስከ ምሳ ቆየች። ሌላው ጎማውን አሽትቶ ነው የተመለሰ። ቦዩ ደግሞ ከተደፈነ ያው ቀለም ማለት ነው፣ ይንሸራተታል። ሳይጸዳ አላዞርም ብዬዋለሁ። ሰኞ ትምጣ አለ።»

«እሱ አለ?»

«አንገቱን ደፍቶ ነው ያለው።»

አልሄድም ልል ነበር። ከዚያ ሻንጣዬ ውስጥ ብሩሼ መኖሩ ትዝ አለኝ። የወረወርኩት መስሎኝ ነበር... ለካ መልሼ አንስቼዋለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ጎማ። ብሩሽ። ክርፋት። ተመልሰናል። ሽቶው ሲያልፍ «ደህና ዋልሽ?» አለኝ። ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። አልጣመኝም። መልስ ግን ሰጠሁት፣ እኔ ያደግኩት በሥርዓት ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

መምህሩ ልጆቹን መልሶ አመጣ። ዛሬ ሁለት ጊዜ በርሜሉን ዞሬዋለሁ፣ በጉልበቴ፣ ቦይ በቦይ። ጀርባዬ ተቆርጧል። መምህሩ ገብቶ መዳፉን ጫነ፣ አልሄደለትም፣ ለልጆቹ እያሳየ ብዙ አወራ። ግድግዳው ወደ መሃል ሲገፋ... ሰበቃው ሲይዝ... እኔም ከኋላ ቆሜ ሰማሁት። ሚጢ በላጲስ ያስረዳችኝ ይሻላል።

ሚጢ ገባች። ደረጃውን ወጥቼ ከጋሼ ማንሻ ጎን ቆምኩ። ቁልቁል ይታያል። ዞረ፣ ፈጠነ፣ የልጆቹ ፊት ተደባለቀብኝ፤ የሷን ግን ለይቼዋለሁ። ወለሉ ወረደ። ጭጭ... ምንም ድምፅ የለም። ልጄ በአየር ላይ፣ እግሯ ምንም ሳይረግጥ፣ ያ አስቀያሚ ጥቁር ጎማ ይዟት። ጋሼ ማንሻ «ሰማሽ? ጭጭ!» አሉ። ዓይኔ እንባ ሞላ። የክርፋቱ ነው አልኳቸው።

ሲቆም ገና ሳትወጣ ጎንበስ አለች። እዚያው፣ ጎማው ላይ፣ ቁርሷን በሙሉ።

የራስ ልጅ አያስጠላም ይላሉ። የሚሉት ጠርገው አያውቁም። አስጠላኝ፣ ከልቤ አስጠላኝ። ባልዲዬን ይዤ ገባሁ። ያቺ የደረጃዋ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ኤጭ! ያቺ ጽዳቷ ሴትዮ መጣች፣ ዞር በይላት» አለቻት።

ሚጢ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እናቴ ናት» አለች። ሁሉም ሰምቷል። «ጎማውን የምትፍቀው እሷ ናት። ለዚያ ነው ያልወደቅነው።»

ልጅቷ አፍንጫዋን ለቀቀች። እኔ ቀና አላልኩም፣ መጥረጌን ቀጠልኩ።

ላይ ላዩን ወጥቷል። ቦዩ ውስጥ የገባው ግን አለ። ነገ በብሩሽ።